ልቡ የደከመ ሰው ሌሊቱን በምን ይለፈው? ትራስ፣ አልጋ፣ የላሲክስ ሰዓት ወይስ የእንቅልፍ ኪኒን

የልብ ድካም ያለበት ሰው «እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ሲል ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ትራስ ይደርብለታል፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ኪኒን ያመጣለታል። ትራሱ ግማሽ መፍትሔ ነው። የኪኒኑ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ይብሳል። ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት፣ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ጥያቄ አለ፦ ላሲክሱ (ውሃን በሽንት የሚያስወጣው ኪኒን) በስንት ሰዓት ነው የሚዋጠው? ጎጃም ውስጥ በመደብም፣ በጠፍር አልጋም፣ በስፖንጅ ፍራሽም ለሚተኛ ሰው ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ የትኛው ለየትኛው እንቅልፍ ማጣት እንደሚሆን እናያለን።

የልብ ድካም የምንለው ልብ ደምን እንደሚገባው መግፋት ሲያቅተው የሚመጣውን ነው። ድንገት ደረትን ጨምድዶ የሚይዘው የልብ ደም ሥር መዘጋት ሌላ ነገር ነው። መነሻው ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የተረፈ የልብ በር ጉዳት፣ ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ወይም የልብ ጡንቻ መላላት ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን የሚያበላሹት ነገሮች ግን በሦስቱም ላይ ይመሳሰላሉ።

መጀመሪያ የቀሰቀሰውን ይያዙ

አማራጭ ከመምረጥዎ በፊት ሦስት ሌሊት ይቁጠሩ። ስንት ሰዓት ላይ ነቃ፣ ምን ቀሰቀሰው፣ በስንት ትራስ ተኛ፣ ስንቴ ለሽንት ተነሳ። መጻፍ ለማይችል ወይም ሌሊት መብራት ማብራት ለሚያስቸግረው ሰው ከራስጌው አንድ ጣሳ፣ እፍኝ ባቄላና እፍኝ ሽምብራ ያስቀምጡለት። ለሽንት በተነሳ ቁጥር ባቄላ፣ ትንፋሽ አጥሮት በነቃ ቁጥር ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ይጥላል። በጨለማም በእጅ ይለያሉ። ጠዋት ማንበብ የሚችል ልጅ ቆጥሮ ይጽፈዋል። «ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም» ከሚለው ቃል ይልቅ «አራት ባቄላ፣ አንድ ሽምብራ» ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ጋደም እንዳለ ትንፋሹ የሚያጥረው፣ ቀና ሲል የሚቀልለው ሰው ችግሩ ውሃ ነው። ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሲተኛ ወደ ደረት ይመለሳል፤ የደከመው ልብ ያን ተጨማሪ ደም መግፋት ሲያቅተው ሳንባ ይረጥባል። ከተኛ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ እየታፈነ፣ «መስኮት ክፈቱልኝ» እያለ የሚነሳውም ምክንያቱ ያው ነው፤ ደረጃው ግን የከፋ ነው። ለሁለቱም መልሱ ውሃውን መቀነስና ደረትን ከፍ ማድረግ ነው። ትንፋሹ ደህና ሆኖ ሽንት ብቻ የሚቀሰቅሰው ሰው መልሱ ሰዓት ማስተካከል ነው። የሚያንኮራፋና መሃል ላይ ትንፋሹ ጸጥ የሚል ሰው የሐኪም ጉዳይ ነው። ይህ ሁሉ ሳይኖር ዓይኑ ፈጦ የሚያድር ደግሞ ጭንቀትና ልማድ ነው። የትራስ ክምር ለመጨረሻው ሰው ምንም አይፈይድለትም። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ የመጀመሪያውን ሰው ይጎዳዋል።

ከቁጥሩ ጋር ክብደት ይያዝ፦ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በተመሳሳይ ልብስ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ያ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ለክትትል ሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ሚዛን በሌለበት ቤት መቀነት ይሠራል። ደህና በሆነበት ቀን መቀነቱ የተቋጠረበት ቦታ ላይ ቀይ ክር ይሰፋበታል። ቋጠሮው ከክሩ እየራቀ ከመጣ ሆድ እየሞላ ነው። የእግር እብጠትን ለማየት አውራ ጣትን ከቅልጥም አጥንት በላይ ለአምስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ አለ።

የላሲክስ ሰዓት

ላሲክስ (ፉሮሰማይድ) በአፍ ሲወሰድ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል ኃይሉ ይበረታል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተዋጠው እስከ 8 ሰዓት ግድም ሥራውን ጨርሷል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የተዋጠው ደግሞ እስከ ሌሊቱ 7 እና 8 ሰዓት ድረስ ሲያመላልስ ያድራል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው። ካርዱ ላይ «በቀን ሁለት ጊዜ» ይላል፤ ሰውም «ጠዋትና ማታ» ብሎ ያነበዋል። ለብዙ መድኃኒት ይህ ትክክል ነው። ለላሲክስ ግን ሁለተኛው መጠን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ቢዘገይ ከ10 ሰዓት ባያልፍ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ባለሙያው በፈረንጅ ሰዓት «2፡00» ብሎ ከጻፈ ያ የእኛ 8 ሰዓት ነው፤ ቤት ሲደረስ ግን የምሽት 2 ሰዓት ሆኖ ይነበባል። መድኃኒቱን ሲረከቡ «በእኛ ሰዓት ስንት ነው? ፀሐይ የት ስትደርስ?» ብለው ይጠይቁ። መጠኑን ራስዎ አይለውጡት፤ ሰዓቱን ለማስተካከል ግን ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ከምናውቃቸው አማራጮች ሁሉ በአንድ ሌሊት ውጤቱ የሚታየው ይኸው ነው።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አባትና እናት የጠዋቱን ኪኒን ከምግቡ ጋር ወደ ከሰዓት በኋላ ይገፉታል። ላሲክሱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይዋጣል፣ ሁለተኛው ምሽት ላይ ይከተላል፣ ሌሊቱ በፖፖ ያልፋል። ጠዋት ደግሞ ያልወጣው ውሃ በእግር ላይ ይውላል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልላለች። የንስሐ አባቱ ፊት ኪኒኑን ይዞ ሄዶ «ይህ ጠዋት በውሃ መዋጥ አለበት» ማለት ከሁለት ወር የተቆራረጠ እንቅልፍ ያድናል። ልጅ ከሚነግራቸው ይልቅ የንስሐ አባት ሲነግራቸው የሚቀበሉ ብዙዎች ናቸው።

የገበያና የመንገድ ቀንም አለ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሽንት መንገድ ላይ እንዳይዘው ብሎ ላሲክሱን ጨርሶ ይተወዋል፤ የዚያኑ ዕለት ሌሊት ይታፈናል። ከመተው ማዘግየት ይሻላል። ከቦታው እንደ ደረሰ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከሆነ፣ የጠዋቱን ይውሰድ፤ ሁለቱን ግን ደርቦ አይዋጥ። የመንገድ ቀን እንዴት እንደሚደረግ በክትትል ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለላሲክሱ አጋዥ የሆነች ቀላል ዘዴ አለች። ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ለአንድ ሰዓት ያህል ደረትን በትራስ ቀና አድርጎ፣ እግርን በበርጩማ ወይም በተጠቀለለ ቡሉኮ ላይ ሰቅሎ ማረፍ። እግር ላይ ያለው ውሃ ከመኝታ በፊት ወደ ደም ተመልሶ በሽንት ይወጣል፤ ያለዚያ ይህ የሚሆነው ሌሊት ነው። እግር ሲሰቀል ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ይውረድ። ያ ሰው ገና ውሃ የበዛበት ነውና ለሐኪም ይነገር።

ዳፓግሊፍሎዚን (ለልብ ድካም የሚሰጥ ሌላ ኪኒን) የታዘዘለት ሰውም ሽንት ይጨምርበታልና ጠዋት ቢወስደው ይሻላል።

ትራስ፣ ተዳፋት ወይስ አልጋ ማንሳት

ሦስቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ልዩነቱ በልኬት ይታያል።

የአልጋውን የራስጌ እግሮች በ20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ብታነሱት፣ አልጋው 190 ሳንቲሜትር ርዝመት ስላለው፣ የሚገኘው ተዳፋት ስድስት ዲግሪ ብቻ ነው። ለቃር ጥሩ ነው፤ ለሚታፈን ሰው ግን ትንሽ ነው። በአንጻሩ ከዳሌ እስከ ራስ ያለው 80 ሳንቲሜትር ብቻ ተነስቶ ራስጌው 30 ሳንቲሜትር ቢደርስ 22 ዲግሪ፣ 40 ቢደርስ 30 ዲግሪ ይሆናል። ለልብ ድካም የሚፈለገው ከ30 እስከ 45 ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ምርጫችን ተዳፋቱ ነው። አልጋ ማንሳቱ ደህና ሆኖ ትንሽ ቃርና ሳል ለሚያስቸግረው ሰው ይሁን።

የትራስ ክምር ጉድለቱ ሌላ ነው። ሦስት ትራስ ሲደራረብ የሚነሳው አንገት ነው፤ ደረት እዚያው ተኝቶ ይቀራል። አገጭ ደረት ላይ ይታጠፋል፣ ሆድ ይጨመቃል፣ ሰውየውም ሌሊት ይንሸራተትና ከትራሱ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል። ሆድ መታጠፉ ብቻውን ልቡ ለደከመ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጫማ ለማሰር ጎንበስ ሲል የሚያለከልከው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጎን ቆመው ይዩት፦ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከሆኑ ልክ ነው። መስመሩ ትከሻ ላይ ከተሰበረ ትራስ እንጂ ተዳፋት አልሠሩም።

በከተማ ያለ ሰው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ያስቆርጥ። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ቁራጮች፣ ወርዳቸው 70፣ ርዝመታቸው 80፣ 60፣ 40 እና 20። በራስጌው በኩል አስተካክሎ መደርደር፣ ደረጃው እንዳይጎረብጥ አጎዛ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ መደረብ፣ ሁሉንም በአንድ ጨርቅ ሰፍቶ መያዝ። ለስላሳ ስፖንጅ ከተገዛ ቶሎ ረግጎ ከፍታው ይቀንሳል፤ ሲገዙ በክርን ተጭነው ይሞክሩት፣ ክርን ወለሉን ከነካ ይተውት።

በገጠር ጆንያና ጭድ ይበቃል። የኩንታል ጆንያ በጭድ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ አፉ ይሰፋል፣ ከግድግዳው ጋር ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል። ጭድ በሳምንት ውስጥ ይረግጋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ መጨመር አለ። አቧራው ሳል ስለሚያስነሳ በወፍራም ጨርቅ ሁለቴ ይሸፈን። ድንገት ለአንድ ሌሊት ከተፈለገ የእንጨት ወንበር ይገለበጥ፤ የመደገፊያው ጀርባ ተዳፋት ሆኖ ወደ ላይ እንዲመለከት ከራስጌው ይቀመጥና ላዩ ላይ ፍራሹ ይውረድበት። የቆየ የነርሶች ዘዴ ነው።

መደብ ላይ ለሚተኛ ሰው ግን አንድ የተሻለ ነገር አለ፦ መደቡን ራሱን መሥራት። በራስጌው በኩል 80 ሳንቲሜትር ያህሉን በድንጋይና በጭቃ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ዳሌው እያዘቀዘቀ መለሰን። አይንሸራተት፣ አይረግግ። ሲደርቅ ሳምንታት ስለሚወስድ እርጥብ ሳለ አይተኛበት፤ በክረምት ከሆነ ሥራው ለመስከረም ይቆይ።

የጠፍር አልጋ መሃሉ ከረገበ ማንኛውም ተዳፋት ያበላሸዋል። ሰውየው ወደ ጉድጓዱ ይወርድና እንደ ቅስት ይታጠፋል። መጀመሪያ ጠፍሩ ይጠበቅ። አልጋ በብሎኬት የሚያነሳ ሰው ደግሞ የአልጋው እግር በብሎኬቱ ቀዳዳ እንዳይገባ ከላዩ ጣውላ ያድርግበት፤ አልጋው ሌሊት ሲንሸራተት የሚነሳው ድንጋጤ ለዚህ ልብ አይሆንም።

ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደርስ? ለአንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። አማራጭ አድርገው ግን አይቁጠሩት። እግር ተንጠልጥሎ ሲያድር እብጠቱ ይብሳል፣ መቀመጫው ይቆስላል። ደግሞም ትናንት በአንድ ትራስ ተኝቶ ዛሬ ሦስት ያስፈለገው፣ ወይም ወንበር የመረጠ ሰው፣ ሕመሙ እየገፋ መሆኑን እየተናገረ ነው። ትራሱን ጨምረው ዝም አይበሉ፤ ቁጥሩን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጎንን በተመለከተ ብዙ ታማሚዎች በግራ ሲተኙ የልብ ምታቸው ይጎላባቸዋል፣ ይጨንቃቸዋል፤ በቀኝ ይቀልላቸዋል። በቀኝ ይተኙ። በሆድ መተኛትን ይተዉ።

ብርድና ከሰል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ 4,000 ይታለፋል። ብርዱ የታወቀ ነው። ለደከመ ልብ ቡሉኮና ጋቢ ከከሰል ምድጃ እጅግ ይሻላል። በተዘጋ ቤት የሚጤስ ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የደሙን ኦክስጅን ቦታ ይይዛል፤ ጤነኛውንም ይገድላል፣ ለዚህ ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ቤቱን ከመኝታ በፊት ማሞቅ ከተፈለገ ምድጃው በሩ ተከፍቶ ይቀጣጠል፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ዳር ላይ አመድ ማልበስ አያድንም። የእግር ብርድ ለሚያስቸግረው ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መስጠት ይበቃል፤ ያበጠ እግር ሙቀት ቶሎ ስለማይሰማው ጠርሙሱ በቀጥታ ቆዳ እንዳይነካ።

ወደ ውጭ ሽንት ቤት ሌሊት መውጣት ለብርድም ለመውደቅም ያጋልጣል፤ ኢናላፕሪልም (ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚሰጠው ኪኒን) ላሲክስም ድንገት ሲቆሙ ያዞራሉ። ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይሁን፣ ባትሪ ከትራስ ሥር ይሁን፣ ሰውየውም እግሩን አውርዶ አንድ ደቂቃ ተቀምጦ ይነሳ።

ከእራት እስከ መኝታ

ጨው የቀኑ ሙሉ መጠን 5 ግራም፣ ማለትም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ጥሩ ነው። ችግሩ ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ብቻ አይደለም። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ በላዩ ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው ባልትናው ሲሰናዳ ነው፦ ለታማሚው ሁለት ኪሎ ሽሮና አንድ ኪሎ በርበሬ ያለ ጨው ተለይቶ ይፈጭ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ይጣፍጥ። ጨዋማ እራት የበላ ሰው 3 ሰዓት ላይ ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ 7 ሰዓት ላይ ይነሳል። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀድሞ፣ ቀለል ብሎ ይሁን፤ የሞላ ሆድ ሳንባን ከታች ይገፋል።

ውሃ መቀነስ ለሁሉም የልብ ድካም ታማሚ የሚታዘዝ አይደለም። ሐኪሙ መጠን ከወሰነለት፣ ለምሳሌ አንድ ሊትር ተኩል፣ ጠዋት በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ማስቀመጥና ሻይውንም ሾርባውንም ከዚያ መቀነስ ነው። አብዛኛው ከ11 ሰዓት በፊት ይጠጣ። ጸበል የሚጠጣም በስኒ ይለካና ከዕለቱ መጠን ይቀነስ። ለጸበል ተብሎ ኪኒን አይቋረጥ፤ ማለዳ በረዷማ ውሃ ውስጥ ድንገት መግባትም ለዚህ ልብ ከባድ ነው።

ቡና የዘጌም ይሁን የሌላ፣ ግማሹ ኃይሉ ለመውጣት አምስት ሰዓት ግድም ይፈልጋል። አቦሉን ጠዋት ይጠጣ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ስኒውን ይመልስ፤ ጨው የሚገባበት ቡና ከሆነ ጨርሶ ይቅር። ጠላና አረቄ ቶሎ ያስተኛሉ፣ እውነት ነው፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይሰባብሩታል፣ ትንፋሽ መቋረጥን ያብሳሉ፣ የልብ ጡንቻንም ያላላሉ። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ይነሳል። ለልብ ድካም ሰው የሚሆን ልክ የለውም።

ኪኒኖቹ ሲነጻጸሩ

ዲያዜፓም ትንፋሽን ያዳክማል፣ በሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይም ሽማግሌን ጠዋት ያንገዳግዳል። አሚትሪፕቲሊን የልብ ምትን ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል። ለአለርጂ የሚሰጡት ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን አፍ ያደርቃሉ፣ ፕሮስቴት ያለበትን ሽንት ይይዙታል፣ አረጋዊን ያቃዣሉ። ከእነዚህ አንዱን ምረጡ ከተባልን አንመርጥም። ሐኪሙ አይቶ፣ ለጥቂት ቀን፣ ምክንያቱን ጽፎ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሌላ በኩል ነው፦ እንቅልፍ የነሳው ቁርጥማት ነው ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይውጣል። ሁለቱም ውሃና ጨው ያስቀራሉ፣ የላሲክስን ሥራ ይሰብራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ጉልበቱ ይተዋል፣ ሌሊቱ ግን በመታፈን ያልፋል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በውሃ የሚሟሟው ዓይነት ግን ሶዲየም ስለተጨመረበት የሚዋጠው ይመረጥ። ምግብ እንዲያስበላ ተብሎ የሚወሰደው ዴክሳሜታዞንም ውሃ ያስቀራል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ከታዘዙት ውስጥ እንቅልፍ የሚረብሹ አሉ። እንደ ሜቶፕሮሎል ያሉት የልብ ምትን የሚያረጋጉ ኪኒኖች በአንዳንዱ ሰው ላይ ቅዠት ያመጣሉ፤ ይህን መድኃኒት በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን ይለውጠዋል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል። የኢናላፕሪል ሳል ጉሮሮን እየኮረኮረ ቀንም ሌትም፣ ተቀምጦም ተኝቶም ያው ነው፤ የውሃ ሳል ግን ሲተኙ ይብሳል፣ ሲቀመጡ ይቀልላል። ለመጀመሪያው ምትክ መድኃኒት አለ፤ ሁለተኛው የሚታከመው ውሃውን በማስወጣት ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ይደረግ።

ለሚያንኮራፋው

የትንፋሽ መቋረጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉሮሮ ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ ያንኮራፋል፣ ይታፈናል፣ በድንገት ያጓራል። ሁለተኛው አንጎል ትንፋሽን ማዘዝ ሲዘገይ የሚመጣ ነው፤ ትንፋሹ እየጨመረ ይሄዳል፣ እየቀነሰ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ይህኛው የልብ ድካም ሲከፋ ይታያል፣ ደጋም ያባብሰዋል። የሚተኛውን በስልክ ለሁለት ደቂቃ ቀርጾ ለሐኪሙ ማሳየት ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ለመጀመሪያው አየር የሚገፋ ጭንብል ያለው መሣሪያ (ሲፓፕ) ይረዳል። ከውጭ ወገን «የተሻለና ራሱን የሚያስተካክል» ተብሎ የሚላክ መሣሪያ ካለ ግን ቆም ይበሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት፣ የልባቸው የመግፋት አቅም 45 በመቶና ከዚያ በታች በሆነና ሁለተኛው ዓይነት መቋረጥ ባመዘነባቸው ሰዎች ላይ ይህ ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያ በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞትን እንደ ጨመረ አሳይቷል። የልቡን አልትራሳውንድ ውጤት ሐኪም ሳያይ አይሰካ።

ኦክስጅን የሚጠቅመው በጣት የሚለካው መጠን ከ90 በመቶ በታች ለወረደ ሰው ነው። ቤት ከገባ ኩራዝ፣ ጧፍ፣ ምድጃና ሲጋራ ከዚያ ክፍል ይወጣሉ። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማልና ተጠባባቂ ሲሊንደር የግድ ነው።

ዓይኑ ለሚፈጥ

ውሃው ወጥቶ፣ ሰዓቱ ተስተካክሎ አሁንም የማይተኛ ሰው ቶሎ መተኛት አይሞክር። የመነሻ ሰዓቱን ይያዝ፦ ቢተኛም ባይተኛም 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳ። የቀን ሸለብታው ከ30 ደቂቃ አይበልጥ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን። ሃያ ደቂቃ ያህል ተኝቶ ካልመጣለት ተነስቶ ይቀመጥ፣ ጸሎቱን ያድርስ፣ ሲያንቀላፋ ይመለስ። ይህ አሠራር በልብ ድካም ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ እንቅልፍን አሻሽሏል፤ ውጤቱ ግን የሚመጣው በሳምንታት ነው። «ከተኛሁ አልነቃም» የሚል ፍርሃት ያለበት ሰው አንድ ሰው በክፍሉ ሲተኛለት ይቀልለዋል።

ለማኅሌት የሚቆሙ ካህናትና ደባትር ሌሊት መቆም ካልቀረላቸው፣ ተቀምጠው የሚያገለግሉበትን ይጠይቁ፣ በነጋታው ላሲክሱን በተለመደው ሰዓት ወስደው ጠዋት ላይ አንድ ጊዜ ይተኙ። በሳምንት ሁለት ሌሊት መቆም ግን ለተከማቸ እብጠት ቀጥተኛ መንገድ ነው።

ሌሊት ሲታፈን

ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ እግሩን ከአልጋው ጫፍ ያንጠልጥል፣ እጁን በትራስ ላይ ያሳርፍ፣ መስኮቱ ይከፈት። ውሃ አያጠጡት። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋል። ካልተረጋጋ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አረፋ ያለው ወይም ሮዝ አክታ ከተፋ፣ ደረቱ ከተጨመቀ ወይም ራሱን ከሳተ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። የወረዳው አምቡላንስ ቁጥር በትልቅ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። አምቡላንስ እስኪመጣ ወይም መኪና ሲሳፈር እንዲተኛ አያድርጉት፤ ተቀምጦ ይሂድ። ተጨማሪ ላሲክስ የሚሰጠው ሐኪሙ አስቀድሞ «እንዲህ ሲሆን ይህን ያህል» ብሎ ካርዱ ላይ ጽፎ ከሆነ ብቻ ነው።

የተረጋጋም ከሆነ በነጋታው ይታይ። ክትትሉ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም፣ የባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትም፣ ጥበበ ጊዮንም ይሁን ሲሄዱ የሚይዙት ያው ነው፦ የሚውጣቸው ኪኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል፣ የጤና መድን ደብተሩ፣ የክብደቱ ጽሑፍና የባቄላው ቁጥር።